ከምድር ቤት የተገኘችው የሳህን ማጠቢያ መኪና

የሰው ልጅ ዕቃን የሚወደው አዲስ ሳለ ነው። ዕቃው ሲያረጅ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤትም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወርዳል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ከሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት አንዲት የሳህን ማጠቢያ መኪና ከተረሳችበት ምድር ቤት ወጥታ እንደገና ወደ ሥራ የተመለሰችበት ታሪክ ነው። ነገሩ የአንድ የወጥ ቤት ዕቃ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእሑድን አምድ ባላስያዝነውም ነበር። ዳሩ ግን መኪናዋን ስንፈታና ስንገጥም ስለ ራሳችን የማናውቀውን ነገር ዐወቅን። ይልቁንም ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ቢያነቡት ይጠቅማቸው ይሆናል ብለን በማሰብ፣ ነገሩን እንደ ሆነው አድርገን ለመጻፍ ቈረጥን።

የሳህን ተራ

በ2010 ዓ.ም. እኛ ሦስት ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ አገር፣ ከዋሽንግተን ከተማ በስተ ሰሜን በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አሮጌ ቤት በኅብረት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችን ቀን እየሠራን ማታ የምንማር ወጣቶች ስንሆን፣ ሦስተኛው ግን በዕድሜ እጅግ የሚበልጡን፣ በአገር ቤት የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ሹም የነበሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ» እያልን እንጠራቸው ነበር። ጋሼ ሌሊት ሌሊት በአንድ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን ያጥቡ ነበር። ወደ አገር ቤት ስልክ ሲደውሉ ግን «ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይጨምሩም። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ጋሼን በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው መዝገብ የሚያገላብጡ ይመስለው ነበር።

በቤታችን ደግሞ የሳህን ነገር የዘወትር የጠብ ምክንያት ሆነ። በማቀዝቀዣው በር ላይ ተራ የሚያሳይ ወረቀት ለጥፈን ነበር፤ ዳሩ ግን ወረቀት ሳህን አያጥብም። ሽሮ ከድስት፣ የምስር ወጥ ከሳህን ላይ ደርቆ ያደረ እንደ ሆነ ከድንጋይ ይጠነክራል። አንዱ «የእኔ ተራ ትናንት ነበር» ይላል፤ ሌላው «ነገ ፈተና አለብኝ» ይላል። አንድ ቅዳሜ ማታ እንግዶች ጋብዘን ከሸኘን በኋላ ዕቃውን ሁሉ እንዳለ ትተን ተኛን። ሊነጋጋ ሲል የውሃ ድምፅ ሰምተን ብንነሣ፣ ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሳህን ሲያጥቡ አድረው ከመጡ በኋላ፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ የእኛን ሳህን ያጥባሉ። እጃቸው ከውሃና ከሳሙና ብዛት እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። አንድም ቃል አልተናገሩንም፤ እኛም የምንለው ጠፋን። ስለ ሳህን ማጠቢያ መኪና በቁም ነገር ማሰብ የጀመርነው በዚያን ጧት ነው።

መኪናዋ የተገኘችበት ቤት

በአሜሪካ አንድ አዛውንት የሞተ እንደ ሆነ ወራሾቹ የቤቱን በር ከፍተው፣ በየዕቃው ላይ ዋጋ ለጥፈው፣ ከሹካ እስከ አልጋ ድረስ ያለውን ሁሉ ለሚመጣው ሰው መሸጥ የተለመደ ነው። አዲስ ዕቃ ለመግዛት ዐቅም ያነሰን ስለ ነበርን እኛም እንዲህ ያለውን ሽያጭ እንከታተል ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ወንበር ፍለጋ ወደ አንድ ቤት ሄድን፤ ወንበሮቹ ግን ቀድመው ተሸጠው ነበር። ወደ ምድር ቤቱ ስንወርድ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ በላዩም የቀለም ቆርቆሮዎች የተደረደሩበት አንድ ነገር አየን። ጠረጴዛ መስሎን ብርድ ልብሱን ብንገልጠው፣ ቁመቷ እስከ ወገብ የምትደርስ፣ በአራት ትንንሽ ጎማዎች ላይ የቆመች ነጭ የሳህን ማጠቢያ መኪና ሆና ተገኘች።

በበሯ ላይ የተለጠፈው ብረት በኦሃዮ ግዛት በትሮይ ከተማ ሆባርት በተባለው ኩባንያ እንደ ተሠራች ይናገራል። በውስጧም በ1967 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የታተመ የአጠቃቀም መጽሐፍ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። የሟቿ ልጅ የሆኑት ሴት ቀርበው፣ እናታቸው ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ ወዲህ መኪናዋን እንዳልነኳት፣ ይህም ከሆነ ሃያ ዓመት እንዳለፈ ነገሩን። «ትሠራለች ብዬ አላታልላችሁም፤ ከወሰዳችኋት ግን በ20 ዶላር ትሁንላችሁ» አሉን።

እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፣ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ሞተሩን ሳይሆን ገንዳውን ነው። ሞተር ይጠገናል፤ ሽቦ ይለወጣል፤ ገንዳው ዝጎ ከተበሳ ግን የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። የዚህች መኪና ገንዳ በብረት ላይ እንደ ሸክላ በተቀባ ኢናሜል የተለበጠ ሲሆን፣ በእጅ መብራት ብንመረምረው ከጥቂት ነጭ ቅርፊት በቀር እንከን አላገኘንበትም። ሁለተኛው ምልክት ደግሞ የአካላቷ አያያዝ ነው፤ ሁሉም በብሎን የታሰረ እንጂ በሙጫ የተጣበቀ አልነበረም። በብሎን የታሰረ ነገር የሠራው ሰው «አንድ ቀን ይፈታል» ብሎ አስቦበታል ማለት ነው። ስለዚህ 20 ዶላር ከፍለን፣ ለአራት ተሸክመን በጭንቅ አወጣናት።

አንዲት ሴት የጀመረችው ሥራ

መኪናዋን ወደ ቤት ካመጣናት በኋላ ስለ ትውልዷ ለማወቅ ጓጓን። ያገኘነውም ታሪክ የሚያስደንቅ ነው።

በ1850 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጆኤል ሆውተን የተባለ አሜሪካዊ በእጅ የሚዞር፣ ውሃን በሳህን ላይ የሚረጭ የእንጨት መሣሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር፤ ሆኖም መሣሪያው ሳህን ከማርጠብ ያለፈ ጥቅም አልሰጠም። በእውነት የሚያጥበውን መኪና ያስገኘችው በኢሊኖይ ግዛት በሼልቢቪል ከተማ የምትኖር ጆሴፊን ኮክራን የተባለች ወይዘሮ ናት። ወይዘሮዋ እንግዳ መቀበል የምትወድ ስትሆን፣ ውድ የሸክላ ሳህኖቿ በሠራተኞች እጅ ሲታጠቡ ጠርዛቸው እየተሸረፈ ያናድዳት ነበር። በ1883 ባሏ ሞተና ዕዳ ቀረላት። ከዚያ በኋላ ነገሩ የመሳፍንት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የእንጀራ ጉዳይ ሆነባት።

ከቤቷ በስተ ጀርባ በሚገኝ አንድ ዳስ ውስጥ፣ ጆርጅ በተርስ የተባለ ሜካኒክ እየረዳት፣ የእያንዳንዱን ሳህንና ስኒ መጠን ለክታ በልኩ የሽቦ ማቀፊያ ሠራች። ማቀፊያዎቹን በመንኰራኵር ዙሪያ አሰረቻቸው፤ መንኰራኵሩንም ከመዳብ በተሠራ በርሜል ውስጥ አስተኛችው። መንኰራኵሩ ሲዞር ትኩስ የሳሙና ውሃ በሳህኖቹ ላይ በኀይል ይረጫል። እስከዚያ ድረስ አንዳንዶች ሲሞክሩት የነበረው ሳህንን በብሩሽ መፈተግ ነበር፤ የእርሷ ብልኀት ግን ሳህኑ በቦታው ጸንቶ ሲቀመጥ የውሃው ኀይል እንዲሠራ ማድረጓ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 28 ቀን 1886 ቍጥሩ 355139 የሆነ የፈጠራ መብት ተሰጣት። በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይም መኪናዋን አቅርባ ሽልማት አገኘች።

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የቤት እመቤቶች ሳይሆኑ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን መኪናው የሚፈልገውን ያህል ትኩስ ውሃ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ወይዘሮ ኮክራን በ1913 ዐረፈች። ኩባንያዋን በ1926 ሆባርት ገዛው፤ ሆባርትም በ1949 ኪችንኤድ በሚለው ስም ለቤት የሚሆነውን መኪና ለገበያ አወጣ። እንግዲህ በእኛ ወጥ ቤት የቆመችው አሮጊት የዚያች መበለት የልጅ ልጅ መሆኗ ነው። ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጋሼ ሌሊት ሌሊት በሆቴል አጠገቡ የሚቆሙት ትልቁ መኪናም የዚሁ ዘር ነበር።

የችኰላ ዋጋ

አሁን ጥፋታችንን እንናገራለን። መኪናዋ በመጣች ማግስት፣ ጋሼ ወደ ሥራ በሄዱበት ሰዓት፣ እኛ ሁለታችን ትዕግሥት አጥተን የውሃውን ጎማ ከቧንቧው ጋር አገናኘን፤ የኤሌክትሪኩንም ስፒና ሰካን፤ መቆጣጠሪያውን አዞርን። ውሃው ሲገባ ተሰማ፤ ደስ አለን። ቀጥሎ ሞተሩ መዞሩን ትቶ እንደ ንብ አጕረመረመ፤ የተቃጠለ ሽታ ሸተተን። ስፒናውን በድንጋጤ ነቀልነው። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ውሃው ግን መግባቱን አላቆመም፤ ገንዳው ሞልቶ በበሩ ሥር እየፈሰሰ ወለሉን አጥለቀለቀው። ቧንቧውን መዝጋት ትዝ ያለን ጫማችን ከረጠበ በኋላ ነው። የቸኰለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ እኩለ ሌሊት እስኪሆን ድረስ በመወልወያ ስንለቅም አመሸን።

ጋሼ ጧት ሲመጡ እርጥቡን ወለል አይተው ሁሉን ተረዱት። ይቈጡናል ብለን ስንጠብቅ፣ ወንበር ስበው በመኪናዋ ፊት ተቀመጡና «ልጆች፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉን። ቀጥለውም፣ «ሃያ ዓመት የተኛ ሰው ሲነሣ ሩጥ አይባልም። ሞተሩ ለምን እንዳልዞረ ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኛ አናውቅም ነበር። አንዳችን በኮሌጅ ስለ ኤሌክትሪክ ተምረን ፈተና አልፈናል፤ ነገር ግን አላወቅንም።

«እኔ ዐውቃለሁ» አሉ ጋሼ። «የሆቴሉ መኪና በየሳምንቱ ሲታመም ጠጋኙ ሲፈታው አጠገቡ ቆሜ መብራት የምይዘው እኔ ነኝ።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ አብረን ስንኖር ስለ ሥራቸው በአፋቸው ሲናገሩ የሰማነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጥገናው

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዘጠኝ ሳምንት፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ መምህር እኛም ደቀ መዛሙርት ሆንን። የመጀመሪያው ሕግ፣ ስፒናው ሳይነቀልና ቧንቧው ሳይዘጋ ማንም ካቻቢቴ እንዳያነሣ ነው። ሁለተኛው ሕግ፣ አንድ ሽቦ ከመነቀሉ በፊት ፎቶግራፍ እንዲነሣና ቍጥር እንዲለጠፍበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ የሙቀት መከላከያ ሽፋን እንዳይፋቅና እንዳይቈረጥ ነው፤ በዚያ ዘመን በተሠሩ አንዳንድ መሣሪያዎች ውስጥ ብናኙ ሳንባን የሚጐዳ አስቤስቶስ የተባለ ነገር ይገኛልና።

ሥራውን ከማጽዳት ጀመርን። በገንዳው ሥር ካለው ማጥለያ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ፣ የስንጥር ቍርጥራጭ፣ የፍሬ ድንጋይና አንዲት ትንሽ የሕፃን ማንኪያ ወጡ። ማንኪያዋን አጥበን ለባለቤቲቱ ወሰድንላቸው። ሴትዮዋ ማንኪያዋን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ በልጅነታቸው ጠፍታ ቤቱ ሁሉ የተፈለገች የራሳቸው ማንኪያ መሆኗን ነገሩን።

ቀጥሎ ሞተሩ ወረደ። ሞተሩ ከገንዳው በታች ሲቀመጥ፣ ዘንጉ ወደ ላይ አልፎ ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ ያዞራል። ውሃው በዘንጉ ዙሪያ ወደ ሞተሩ እንዳይወርድ የሚከለክለው፣ አንዱ ከከሰል ሌላው ከሸክላ የተሠሩ፣ ፊት ለፊት ተጋጥመው የሚፋተጉ ሁለት ቀለበቶች ናቸው። በሃያ ዓመት ውስጥ ደረቅ ውሃ የተወው እንደ ኖራ ያለ ቅርፊት ሁለቱን ቀለበቶች አጣብቋቸው ነበር። ሞተሩ ያጕረመረመው ለዚህ ነው፤ ትንሽ ቆይተን ቢሆን ኖሮ ሽቦው በተቃጠለ ነበር። ጋሼ ቅርፊቱን ከሎሚ በሚገኘው የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ውሃ ሌሊቱን አርሰው፣ በማግሥቱ ዘንጉን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ዞረ። ኩሽኔታዎቹም ደኅና ነበሩ። ተጣብቀው የነበሩት ቀለበቶች ግን ፊታቸው ስለ ተጫረ መለወጥ ነበረባቸው።

የዚህች መኪና ቀለበት በገበያ አልተገኘም። ሦስት ሱቅ ዞረን ሦስቱም «ይህ የቀረ ዕቃ ነው፤ ጣሉት» አሉን። እኛ ተስፋ ስንቈርጥ ጋሼ የዘንጉን ውፍረትና የመቀመጫውን ስፋት በመለኪያ ለክተው ቍጥሩን በወረቀት ጻፉ። «ስሙን አትጠይቁ፤ ልኩን ጠይቁ» አሉን። እውነትም የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ልኩ ልክ የሆነ ቀለበት በ14 ዶላር ተገኘ። ይህን ምክር ከመኪና ጥገና ውጭም ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ወለሉን ያጥለቀለቀው ጥፋት የውሃ ማስገቢያው ነበር። ማስገቢያውን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ሲሆን፣ የሚዘጋው ግን ስስ የጎማ ክዳን ነው። ጎማው በእርጅና ደርቆ ስለ ነበር፣ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ሊዘጋ አልቻለም። እዚህ ላይ አንድ ጥልቅ ነገር ተማርን። የዚህች መኪና ውሃ የሚለካው በሰዓት ነው፤ ማስገቢያው ለተወሰነ ሴኮንድ ያህል ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ስለዚህ አዲሱ ማስገቢያ በደቂቃ የሚያሳልፈው ውሃ ከአሮጌው ጋር እኩል ካልሆነ መኪናዋ ወይ ትጠማለች ወይ ትሰጥማለች። በባልዲና በሰዓት ለክተን፣ የሚስማማውን መርጠን ገጠምን።

የማሞቂያውን ብረት የመመርመሩ ተራ የእኛ ነበር፤ ትምህርታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። በማሞቂያው ላይ 120 ቮልትና 600 ዋት የሚል ተጽፏል። ቮልቱን በራሱ አባዝተን ለዋቱ ብናካፍለው 24 ኦም ይመጣል። በመለኪያው ብንለካው ከ24 ጥቂት ፈቀቅ ያለ ቍጥር አሳየ፤ ስለዚህ ማሞቂያው ሕያው ነው። ከማሞቂያው ወደ መኪናዋ አካል ኤሌክትሪክ የሚያልፍ መሆን አለመሆኑንም መረመርን፤ አያልፍም። ጋሼ የሒሳባችንን ወረቀት በሒሳብ ሹም ዐይን ተመልክተው «ትክክል» ብለው ፈረሙበት። ሁላችንም ሣቅን።

በማሞቂያው አጠገብ የነበሩት ሽቦዎች ሽፋናቸው እንደ ደረቀ እንጨት ይሰበር ስለ ነበር፣ ሙቀት በሚችል አዲስ ሽቦ ተለወጡ። ወደ መሬት የሚወስደው የደኅንነት ሽቦም ታደሰ፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቤት በሚኖሩበት መሣሪያ ይህን ሽቦ መዘንጋት ሕይወት ያስከፍላል። በሰዓት መቆጣጠሪያው ውስጥ ያሉት የጠቆሩ መነካኪያዎች በሞረድ ሳይሆን በንጹሕ ወረቀት ተጠረጉ። የሳህን መደርደሪያዎቹ የዛገ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ በሚሸጠው የፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ።

የመጀመሪያው እጥበት

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ፣ አንድ እሑድ ማታ፣ መኪናዋን በወጥ ቤቱ መካከል አቆምናት። በመጀመሪያ ያለ ሳህን፣ ባልዲና ጨርቅ ይዘን፣ አንዳችን በቧንቧው ሁለተኛው በስፒናው አጠገብ ቆመን ሞከርናት። ውሃው ገባ፤ ቆመ። ሞተሩ ተነሣ። በበሩ ውስጥ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ዐይነት ድምፅ ተሰማ። በወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረም። ጋሼ በጕልበታቸው ተንበርክከው ከሥሯ በመብራት ሲመለከቱ ቆዩና «ደረቅ ነው» አሉ።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የሳህን እጥበት እንደ ጠበቅነው አልሆነም፤ የሽሮው ቅሪት ከሳህኑ ላይ አልለቀቀም። ምክንያቱን ስንመረምር ጥፋቱ የመኪናዋ ሳይሆን የሳሙናው መለወጥ ሆኖ ተገኘ። መኪናዋ በተሠራችበት ዘመን የሳህን መኪና ሳሙና ፎስፌት የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ነበረበት፤ ፎስፌት ቆሻሻን ይዞ የመሄድና የደረቅ ውሃን ጠባይ የማለዘብ ኀይል አለው። ነገር ግን ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ሲገባ አልጌን ከመጠን በላይ ያበዛል፤ አልጌውም ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ዓሣ ያልቃል። ስለዚህ በ2010 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እኛ የምንኖርባት ሜሪላንድና ሌሎች ብዙ ግዛቶች በዚህ ሳሙና ውስጥ የሚገባውን ፎስፈረስ ከመቶ ግማሽ እጅ እንዳያልፍ ወሰኑ። ዛሬ በምትኩ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይም ሽሮንና ሥጋን የሚበላው ቀስ ብሎ ነው፤ ጊዜና መጠነኛ ሙቀት ይፈልጋል። የ1967ቷ መኪና ግን ፈጣን ናት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። መኪናዋን ከማስነሣታችን በፊት ቧንቧውን ከፍተን ውሃው እስኪግል እናፈሳለን፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚገባው በቧንቧው ውስጥ የቆየው ቀዝቃዛ ውሃ ነውና። ከዚያም በዋናው እጥበት መካከል በሯን ጥቂት ከፈት አድርገን እናስቆማትና፣ ሳሙናው ሥራውን እንዲሠራ ሩብ ሰዓት ያህል እንታገሣለን። ለእጅ ማጠቢያ የሚሆነውን ፈሳሽ ሳሙና ግን ማንም እንዳይጨምርባት አስጠነቀቅን፤ አረፋው ሲበዛ ፓምፑ ውሃን ትቶ አየር ስለሚስብ ኀይሉን ያጣል፤ አረፋውም ከበሩ ወጥቶ ቤቱን ያለብሰዋል።

በዚህ ዐይነት በሁለተኛው ሳምንት በሯን ስንከፍት እንፋሎቱ ፊታችንን መታው። ሳህኖቹ በመብራት አብለጨለጩ። ጋሼ አንዱን ሳህን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ቢያሹት ጢጥ አለ።

ሒሳቡ

የሒሳብ ሹም ባለበት ቤት ገቢና ወጪ ሳይነገር አይታለፍም። መኪናዋ 20፣ ቀለበቱ 14፣ የውሃ ማስገቢያው 31፣ ሽቦው፣ ቀለሙና ዱቄቱ 27፣ በድምሩ 92 ዶላር ሆነ። አዲስ መኪና ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስወጣ ነበር። በሌላ በኩል የአሮጊቷን ጕድለት መሸሸግ አይገባም። በአንድ እጥበት ስድስት ጊዜ ውሃ ትቀዳለች፤ የምታፈሰውን በባልዲ ብንለካው ወደ 48 ሊትር ደረሰ። በ2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ደንብ ለአንድ ተራ አዲስ መኪና የፈቀደው 19 ሊትር ያህል ብቻ ነበር። አዲሶቹ ውሃ ይቈጥባሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃሉ። አሮጊቷ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳታልፍ ትጨርሳለች። ስለዚህ ሙሉ ካልሆነች እንዳትነሣ ተስማማን፤ ይህም በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ሆነ። አሮጌ ሁሉ ከአዲስ ይሻላል ማለታችን አይደለም፤ ሳይመረመር የሚጣል ነገር መኖር የለበትም ማለታችን ነው።

በሒሳቡ ላይ ያልተጻፈው ትርፍ ግን ከዚህ ይበልጣል። በዚያው ማታ መኪናዋ ስትሠራ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ከአገር ቤት የደወለችው በዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ነበረች። «አባዬ፣ ይኼ የሚጮኸው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። እኛም ከወጥ ቤቱ ልንወጣ ተነሣን፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ተቀመጡ አሉን። ከዚያም፣ «የሳህን ማጠቢያ መኪና ነው፣ ልጄ። ሃያ ዓመት ቆሞ ነበር፤ ከልጆቹ ጋር ሆነን አስነሣነው። የማውቀውም ከሥራዬ ነው። እዚህ የምሠራው ሳህን ማጠብ ነው» አሏት። በስልኩ ወዲያ ማዶ ለጊዜው ድምፅ አልነበረም። በኋላ ልጅቱ ምን እንዳለቻቸው አልሰማንም፤ ጋሼ ግን ዐይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና «እንግዲያው ስትመጪ አስተምርሻለሁ» ሲሉ ሰማን።

በአገራችን በእጅ የሚሠራ ሰው ሲናቅ ብዙ ዘመን ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው በሥራው ስም መስደብ እንደ ጨዋነት ይቈጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ ነገር ግን ስድቡ ከአፍ ቢጠፋም ከልብ አለመጥፋቱን እኛው በራሳችን አይተናል። ጋሼን ለሁለት ዓመት ዝም ያሰኛቸው ማን ሆነና ነው? አብረናቸው እየኖርን ስለ ሥራቸው አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቅነው እኛ ነን። ዝምታችን አክብሮት ይመስለን ነበር፤ ለካስ ንቀት ኖሯል።

ጋሼ በ2012 ዓ.ም. የቤት መሣሪያዎች ጥገና ትምህርት ጀምረው ፈጸሙ። እኛም ትምህርታችንን ጨርሰን በየፊናችን ስንበተን መኪናዋ ለእሳቸው ተረፈች፤ ማንም ዕጣ ይጣል አላለም።

እንግዲህ አንተ ተማሪ የሆንክ፣ አንቺም በቢሮ ወንበር ላይ አዲስ የተቀመጥሽ አንባቢ፣ በቤታችሁ ጓዳ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ መጋዘን «አይሠራም» ተብሎ የተከደነ ነገር ያለ እንደ ሆነ፣ ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ ገልጣችሁ እዩት። ስፒናውን ንቀሉ፤ ልኩን ለኩ፤ የሚያውቀውንም ሰው ጠይቁ። የሚያውቀው ሰው ምናልባት ወንበር የሌለው፣ በየቀኑ በአጠገቡ የምታልፉት ይሆናል።